ከጠፈር ስለሚላከው ሥዕል

ማንም ሰው በቤቱ ተቀምጦ ደመናን ከበላዩ ሆኖ ያይ ዘንድ የተቻለው፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1963 በታኅሣሥ ወር ቲሮስ 8 የተባለችው የአሜሪካ ሳተላይት ወደ ጠፈር ከወጣች በኋላ ነው። ይህች ሳተላይት ያነሣችውን ሥዕል ለባለቤቶቿ ብቻ ሸሽጋ አላስቀመጠችም፤ በምታልፍበት አገር ሁሉ ምሥጢር በሌለው ድምፅ ወዲያው ታሰማ ነበር እንጂ።

እርሷን ተከትለው የወጡት ኖአ የተባሉት ሳተላይቶች ለብዙ ዘመን ይህንኑ ሠሩ። ድምፃቸው በራዲዮ ሲሰማ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል፤ በየሰከንዱ ሁለት የሥዕል መስመር ይወርዳል፤ ደመናው በነጣበት ድምፁ ይበረታል፥ ባሕሩ በጠቈረበት ይደክማል። ደብተራ ምልክቱን አይቶ ዜማውን እንደሚያወጣ ሁሉ፥ በዚህ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ዜማውን ሰምቶ ምልክቱን ይጽፋል። ለሥራው የሚያስፈልገውም ግማሽ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሁለት የብረት ዘንጎች፥ አንድ ትንሽ መቀበያ፥ ሳተላይቷ እስክታልፍም ሩብ ሰዓት ያህል የሚታገሥ ሰው ነበረ። ተማሪዎችና አማተር የሚባሉት፥ ራዲዮን ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ የሚሠሩ ሰዎች፥ የምድርን መልክ በገዛ እጃቸው የተቀበሉት በዚህ መንገድ ነው።

ያ ድምፅ አሁን ቆሟል። ኖአ 18፥ ኖአ 19፥ ከ1998 ጀምሮ ስትዞር የኖረችው ኖአ 15ም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2025 ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ተዘጉ። ስለ እርጅናቸው የሚወቀስ የለም። የሚያሳዝነው፥ በእነርሱ ፈንታ የገቡት አዲሶቹ እጅግ የጠራ ሥዕል ቢልኩም፥ ያን ለመቀበል ሳተላይቷን እየተከተለ የሚዞር ሳሕንና ለተማሪ የሚከብድ ወጪ ማስፈለጉ ነው።

ሁሉም ቀርቷል ማለት ግን አይደለም። ሜቴዎር የተባሉት የሩሲያ ሳተላይቶች በዚያው በ137 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይልካሉ። በ400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ የሚዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያም አስቀድሞ በሚነገሩ ቀኖች በ145.800 ሜጋኸርዝ ሥዕል ያሰማል። አንዱን ሥዕል ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ከአድማስ እስከ አድማስ የሚያልፈውም በዐሥር ደቂቃ ገደማ ስለ ሆነ፥ ዘግይቶ የተነሣ ሰው ግማሽ ሥዕል ይዞ ይቀራል። ግማሹም ቢሆን ደስታው ቀላል አይደለም።

ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያም በራሷ አቈጣጠር በታኅሣሥ 2012 ዓመተ ምሕረት የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና ምድር አስመጥቃለች፤ ሥዕሉም በእንጦጦ ባለው ጣቢያ ይወርድ ነበር። ወደ ፊት ሌላ ሳተላይት ለማሠራት ውል የሚዋዋሉ ሹማምንት፥ ከዋናው መሣሪያ ጋር በተማሪ ቤት ሁሉ የሚሰማ አንድ ትንሽ ማሰራጫ እንዲገባ ከመጀመሪያው ሊጠይቁ ይገባል። ክብደቱም ዋጋውም ከሳተላይቷ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ ሳተላይቷ ከመጠቀች በኋላ ግን የሚጨመር ነገር የለም።