የመኪና የኋላ ዲፈረንሻል ሳይሰበር ስለ መጠበቅ

መኪና በሚገዛበት ጊዜ ሰው ሁሉ የሚመረምረው የሞተሩን ኀይል፥ የቀለሙን ማማርና የወንበሩን ምቾት ነው። በኋላ ጎማዎች መካከል በጭቃና በአቧራ ተሸፍኖ የሚኖረውን የብረት ቋት ግን ጐንበስ ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የጭነቱ ክብደትና የሞተሩ ኀይል የሚገናኙት በዚህ ስፍራ ነውና፥ እርሱ የተሰበረ ዕለት ሞተሩ ምንም ቢያጓራ ጉዞው ተሰናከለ።

ይህ ዕቃ ዲፈረንሻል ይባላል፤ ሥራውም ሁለት ነው። ፊተኛው፥ ከካምቢዮ በረዥም ዘንግ የሚመጣውን ዙር ወደ ግራና ወደ ቀኝ መልሶ ለጎማዎቹ ማደል፥ ፍጥነቱንም ቀንሶ ጕልበቱን ማብዛት ነው። ፒኞን የሚባለው ትንሹ ጥርሳም መዘውር 10 ጥርስ፥ ኮሮና የሚባለው ትልቁ 41 ጥርስ ቢኖራቸው፥ ጎማው አንድ ጊዜ እስኪዞር ድረስ ዘንጉ አራት ጊዜ ከጥቂት ይዞራል። ሁለተኛው፥ መኪና በሚታጠፍበት ጊዜ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው ይልቅ ረዥም መንገድ ስለሚሄድ፥ ሁለቱ እንደየመንገዳቸው መጠን እንዲዞሩ መፍቀድ ነው። ይህን ብልኀት ኦኔሲፎር ፔክር የተባለው ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1827 ዓ.ም. ለእንፋሎት ሠረገላ አስመዝግቦት ነበር።

በኢትዮጵያ ወደ ገጠር ወረዳዎች የሚላኩት ላንድ ክሩዘርና ሌሎችም በአራት ጎማ የሚነዱ መኪናዎች፥ ጭነታቸው ይልቁንም በኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። ዳገት ሲወጡ ደግሞ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። መኪናው በከተማ መካከል ቢሰበር ጉዳቱ የገንዘብ ነው። ከጤና ጣቢያ ርቆ በወንዝ ዳር ቢቆም ግን በበረዶ ተይዞ የሚሄደው ክትባት ይሞቃል፤ ምጥ የጠናባት እናት መንገድ ላይ ትቀራለች፤ የተማሪዎች የፈተና ወረቀት ከቀኑ ያልፋል። ስለዚህ ነገሩ የብረት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

የዚህ ዕቃ ጠላቶች በተለይ ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ውሃ፥ ድንገተኛ ምትና የዘይት ቸልታ ናቸው።

ውሃው የሚገባበት መንገድ እንዲህ ነው። መኪና ብዙ ከተጓዘ በኋላ ቋቱ ይግላል፤ በውስጡ ያለውም አየር ይሰፋል። በዚያው ግለት ወደ ቀዝቃዛ ወንዝ ሲገባ አየሩ በድንገት ይኰማተርና ከውጭ ይስባል። ለዚህ ተብሎ የተሠራው ትንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኖ እንደ ሆነ፥ ዘይት የሚከለክሉት የጎማ ቀለበቶች እየተሸነፉ ውሃ ያስገባሉ። መተንፈሻው ክፍት ሆኖ በውሃው ውስጥ ቢጠልቅም ውሃ ይገባል። ውሃ የገባበት ዘይት እንደ ወተት ይነጣል፤ ኩሽኔታዎቹን ያዝጋል፤ ጥርሶቹንም ያስበላል። መተንፈሻውን አጥርቶ በቀጭን የጎማ ቱቦ ከውሃው በላይ ከፍ አድርጎ ማሰር እጅግ ርካሽ ሥራ ነው። ጋን በጠጠር ይደገፋል መባሉ በዚህ ይታወቃል።

ድንገተኛ ምት የሚመጣው ከነጂው ችኰላ ነው። አንደኛው ጎማ በጭቃ ውስጥ በከንቱ ሲሽከረከር ነጂው ቤንዚን ወይም ናፍጣ እየጨመረ ቢያስጮኸውና ጎማው በድንገት ድንጋይ ቢነክስ፥ የዚያ ሁሉ ዙር ኀይል ባንድ ቅጽበት በጥርሶቹ ላይ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ እግርን አንሥቶ፥ ወርዶ አካፋ መያዝና ከጎማው በታች ድንጋይ መደልደል ይሻላል። መቈለፊያ ያለው ዲፈረንሻልም ጎማዎቹ ሳይሽከረከሩ ይቈለፋል፤ ከጭቃው ሲወጣም በደረቅና ጠንካራ መንገድ ላይ ከመታጠፉ በፊት ይፈታል። በግራና በቀኝ መጠናቸው የተለያየ ጎማዎች ማሠርም ዲፈረንሻሉን በቀና መንገድ እንኳ ዕረፍት ይነሣዋል።

ሦስተኛው ቸልታ ከሁሉ የከፋ ነው። የኮሮናውና የፒኞኑ ጥርሶች እየተንሸራተቱ ስለሚጫኑ ማንኛውም ዘይት አይበቃቸውም፤ ሠሪው በመጽሐፉ ያዘዘው፥ ብዙ ጊዜ ጂ ኤል 5 የሚል ምልክት ያለው ወፍራም ዘይት ያሻቸዋል። መጠኑም መኪናው በተስተካከለ ቦታ ቆሞ እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ሊደርስ ይገባል። ዘይቱ ሲለወጥ በመክደኛው ብሎን ላይ ባለው ማግኔት ጥቂት ጥቁር ዱቄት ቢገኝ ተራ ነገር ነው፤ የብረት ስባሪ ቢገኝ ግን ጥርስ መሰበር መጀመሩን ይናገራል። ሲነዳ የሚያላዝን፥ ሲነሣም ኳ የሚል ድምፅ የተሰማበት መኪና ሳይመረመር ወደ ሩቅ አገር መላክ የለበትም። አምስቱ ሰነፎች ደናግል መብራት አላጡም፤ ያጡት ዘይት ነበር፤ ካህናትም ይህን ምሳሌ ለሕዝብ ሲተረጕሙ ኖረዋል።

ከተሰበረም በኋላ በጥገናው የሚታይ ስሕተት አለ። ኮሮናና ፒኞን አንድነት ተጣጥመው የተሠሩ ጥንድ ናቸውና አንዱን ብቻ አዲስ አድርጎ ከአሮጌው ጋር ማጋባት ሁለቱንም ማጥፋት ነው። በጥርሶቹ መካከል የሚተወውም ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ዐሥረኛ እጅ ብቻ ስለ ሆነ በመለኪያ እንጂ በግምት አይስተካከልም።

አንዳንድ ሹማምንት ይህ ሁሉ የነጂና የመካኒክ ጉዳይ ነው ይላሉ። ነገር ግን መኪናው ከሚችለው በላይ እንዲጫን የሚያዝዘው፥ ወንዙ ሳይጐድል ተሻገር የሚለው፥ የዘይት መግዣ ሲጠየቅ ለሚመጣው ወር ይቈይ ብሎ የሚፈርመው ነጂው አይደለም። ነጂውም እምቢ ብሎ እንዳይናገር እንጀራውን ይፈራል። እንግዲህ ትእዛዝ የሚሰጠው ሰው ለትእዛዙ ውጤት ሊጠየቅ ይገባዋል። ገንዘብ የለም የሚለውም ምክንያት አይጸናም፤ ጥቂት ሊትር ዘይት የነፈገ መሥሪያ ቤት፥ ነገ በውጭ ምንዛሪ ለሚገባ ሙሉ ዕቃ መክፈሉ አይቀርም።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱና በየሀገረ ስብከቱ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ መዝገብ ይከፈት፤ ዘይቱ የታየበትና የተለወጠበት ቀን፥ የተሻገረው ጥልቅ ውሃ፥ የተሰማውም ድምፅ ይጻፍበት። ከጥልቅ ውሃ የወጣ መኪና ዘይቱ ሳይታይ ለሌላ ጉዞ አይታዘዝ። አለቃውም በየወሩ መዝገቡን አይቶ ይፈርምበት። ይህም ከክረምቱ በፊት ቢጀመር መልካም ነው፤ አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እሳቱ ሲነድድ የሚደረገው ሩጫ ዘግይቶ የሚደርስ ስለ ሆነ ነው።