ጦርነት የማን እንጀራ ነው?

በዚህ ዓመት ትምህርታቸውን ከሚፈጽሙት ጓደኞቻችን መካከል የጦርነትንና የሰላምን የፖለቲካ ኢኮኖሚ አጥንተን በዚሁ ሙያ መምህርና ተመራማሪ ሆነን እንኑር የሚሉ ጥቂቶች አሉ። ሐሳባቸውን የሰማ ሁሉ «ይህ ደግሞ ምን እንጀራ ይወጣዋል?» ይላቸዋል። ባንክ አለ፤ ጉምሩክ አለ፤ የእርዳታ ድርጅት አለ፤ ጦርነትን ማጥናት የጄኔራሎች ሥራ ነው ይባላል። እኛ በዚህ አንስማማም። ጦርነት እንዴት እንደሚዋጉት ጄኔራሎች ያውቃሉ። በማን ገንዘብ እንደሚካሄድ፣ ማን እንደሚከፍልበትና ማን እንደሚሰበስብበት ማወቅ ግን ሌላ ሙያ ነው፤ ዕድሜ ልክ ቢሠሩትም አያልቅም።

የሙያው መነሻ ቀላል ነው። ጦርነት ጥፋት መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ነገር ግን ለሁሉም እኩል ጥፋት ቢሆን ኖሮ ሃያና ሠላሳ ዓመት ባልቆየም ነበር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዛዊው ምሁር ዴቪድ ኪን በ1994 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ራሱ ያስደነግጣል፤ «የረሃብ ጥቅሞች» ማለት ነው። ኪን ያጠናው በ1980ዎቹ በደቡብ ምዕራብ ሱዳን በዲንካ ሕዝብ ላይ የወረደውን ረሃብ ነው። ረሃቡን ድርቅ ብቻውን አላመጣውም። የካርቱም መንግሥት ብዙ ወጪ የማያስወጣው ጦር ፈለገ፤ ግጦሽ የጠበባቸውን የጎረቤት ከብት አርቢዎች አስታጥቆ በዲንካ ላይ ለቀቃቸው፤ ደመወዛቸው የሚዘርፉት ከብት ሆነ። የተዘረፈው ሕዝብ ተሰደደ፤ የተረፈችውን ላም በርካሽ ሸጠ፤ እህል በውድ ገዛ፤ ጉልበቱን በተገኘው ዋጋ ሰጠ። በአንዱ ወገን የጎደለው ሁሉ በነጋዴውና በመኰንኑ መዝገብ ትርፍ ሆኖ ተጻፈ። ሕዝቡ ከለቀቀውም መሬት ከፊሉ ከሥሩ ነዳጅ ዘይት ነበረው። እንግዲህ እህል በመላክ ብቻ ይህ ረሃብ ይቆማል ብሎ የተነሣ ሰው ነገሩን ከጫፉም አልያዘውም ማለት ነው።

በ1984 እና 1985 በዳርፉር የደረሰውን ረሃብ በማጥናት ሥራውን የጀመረው አሌክስ ደ ዋል ደግሞ ይህንኑ መንገድ ይዞ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። በ2015 ስለ አፍሪካ ቀንድ ባወጣው መጽሐፍ ፖለቲካን እንደ ገበያ ያየዋል፤ የሚሸጠው ታማኝነት ነው፤ ገዢው ገዥ ነው። የደቡብ ሱዳንን ነገር በዚህ ዓይን ብንመለከተው ግልጽ ይሆናል። ከ2005ቱ ስምምነት በኋላ የጁባ መንግሥት የየአካባቢውን የጦር አዛዦች በነዳጅ ገንዘብ እየገዛ ከነሠራዊታቸው በደመወዝ መዝገብ አስገባቸው። ገቢው ማለት ይቻላል ሁሉም ነዳጅ ነበር። በጥር 2012 ከካርቱም ጋር ተጣልቶ የነዳጁን ጉድጓድ በገዛ እጁ ዘጋ። ገንዘቡ ሲደርቅ ታማኝነቱም ደረቀ፤ በታኅሣሥ 2013 ጦርነቱ ፈነዳ። ነገሩን የጎሣ ጠብ ነው ብሎ መተው ቀላል ነው፤ ጎሣዎቹ ግን በ2011ም ነበሩ።

ሁሉም ጥናት ግን ጥሩ ነው አንልም። በዓለም ባንክ የምርምር ክፍል ኃላፊ የነበረው ፖል ኮሊየር ከአንኬ ሆፍለር ጋር በ2004 ያወጣው ዝነኛ ጽሑፍ፣ ከ1960 እስከ 1999 የነበሩትን የእርስ በርስ ጦርነቶች በቁጥር መዝኖ፣ ከአማፂ ብሶት ይልቅ ገንዘብ የማግኘት አጋጣሚ ጦርነትን ያስረዳል አለ። ከመለኪያዎቹ አንዱ አገሪቱ ጥሬ ሀብት ወደ ውጭ የምትልከው መጠን ነው። ቡና ስለላክን እኛም ለጦርነት የተመቸን ልንባል ነው! ያው ቁጥር የደከመ መንግሥትንም፣ የተበደለ ገበሬንም ሊያመለክት ይችላል። ከሩቅ ሆኖ መቁጠር ይህን ያህል ያሳስታል። በአንጻሩ ፔር ሹተን በ2022 ባሳተመው መጽሐፍ በኮንጎና በመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክ መንገዶች ላይ ከአንድ ሺህ በላይ ኬላዎችን በካርታ አስፍሮ፣ ታጣቂ ማዕድን ባይኖረውም መንገድ ከያዘ እንደሚኖር አሳየ። ይህ በእግር የተሠራ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ጥያቄ የሚመጣው። የሰሜኑ ጦርነት በ2020 ተነሥቶ በኅዳር 2022 በፕሪቶሪያ ውል ተፈረመበት። ማን ቀድሞ ተኮሰ በሚለው ላይ እስከ ዛሬ እንሟገታለን። ባንክ በተዘጋበት ዘመን ወደ ትግራይ ጥሬ ገንዘብ ያሻግር የነበረው ሰው ከመቶ ስንት ይቆርጥ ነበር? በየመንገዱ በተተከለው ገመድ የጭነት መኪና ስንት ከፈለ? ያስ ገንዘብ በመጨረሻ በጤፍ ዋጋ ላይ እንዴት ታየ? እነዚህን የሚመልስ ሰው ቋንቋውን የሚያውቅ፣ ሾፌሩና እህል ነጋዴው የሚያምነው መሆን አለበት። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የኢትዮጵያ ገበሬ ለረሃብ የተጋለጠው በሰማይ ብቻ ሳይሆን በምድር ባለው ሥርዓትም መሆኑን በ1984 ባወጡት መጽሐፍ ሲያሳዩ ከዚሁ አገር ሆነው ነው። ቤቱም አልጠፋም፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም ከ2007 ጀምሮ አለ።

የጠፋው ጊዜና ከለላ ነው። ለጋሽ ድርጅት በሦስት ሳምንት የሚያልቅ ጥናት ያዛል፤ መምህሩ ደመወዙ አልበቃ ብሎት ይቀበላል፤ ተማሪው መጠይቅ ይዞ ይሮጣል፤ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ከመሳቢያ ይገባል፤ ስለ እህል ዋጋ የተጠየቀችው ሴት ምን እንደ ተባለላት ሳትሰማ ትቀራለች። ማህሙድ ማምዳኒ በካምፓላ ማኬሬሬ ይህንኑ የአማካሪነት ልማድ በአደባባይ ተቃውሞ የዶክትሬት ትምህርት በዚያው ከፍቷል። መምህሮቻችንን ልንነቅፍ አይደለም፤ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነውና። ግን በሦስት ሳምንት የኬላ ቀራጭ ስሙን እንኳ አይነግርህም። በዚህ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ «የማን ወገን ነህ?» መባሉ አይቀርም፤ አንዱ ሰላይ ሲለው ሌላው ከሃዲ ይለዋል።

ስለዚህ ማኅበራችን ለዲኑ ጽሕፈት ቤት እንዲያቀርብልን የምንጠይቀው ይህን ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን በገበያና በመንገድ ላይ ለመሥራት የሚፈልግ ተማሪ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ይሰጠው። የመረጃ ሰጪዎቹን ስም ለማንም፣ ለመሥሪያ ቤትም ቢሆን፣ እንዲያሳይ አይገደድ። ችግር ቢደርስበት አማካሪው «ተማሪዬ ነው፣ እኔ ነኝ የላክሁት» ብሎ በፊርማው ይቁም። የጽሑፉም ፍሬ ነገር በአማርኛና ጥናቱ በተደረገበት አካባቢ ቋንቋ በአምስት ገጽ ተጽፎ ለተጠያቂዎቹ ይድረስ። የማባዣው ወረቀትና ቀለም በእኛ በኩል ይሆናል።