ዱላው የማይታይበት ሥዕል

ባለፈው ማክሰኞ ከጅግጅጋ ወደ ቀብሪበያ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ስልኬ ላይ ያለውን ሥዕል አየና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ኩርዓተ ርእሱ ነው፣ የመቅደላው፣ አልኩት። «እሱማ ፈረንጅ የሣለው አይደል? እዚያው ቢቀር ምን አለበት?» ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። ንግግሩ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ስለ መቅደላ በዚህ ዓምድ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ ታውቃላችሁ፤ ዛሬም ተመልሼበታለሁ።

አዎ፣ የሣለው ፈረንጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1520 ገደማ በእንጨት ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ ነው። ሠዓሊው ከፍላንደርስ ነው፣ የለም ከፖርቱጋል ነው እያሉ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ። እኔን የሚይዘኝ ፊቱ ነው። ክርስቶስ የእሾህ አክሊል ደፍቷል፣ ደሙ በግንባሩ ይወርዳል። አጠገቡ ማንም የለም፤ የሚመታው እጅም፣ ዱላም አይታይም። የእኛ አባቶች ግን ስሙን ከማቴዎስ ወንጌል አውጥተው ኩርዓተ ርእሱ፣ ራሱን መመታቱ፣ አሉት። የእኛ ሠዓልያን ሲገለብጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ ግራና ቀኝ መቺዎቹን ጨመሩበት። ፈረንጁ ዝም ያለ ፊት ሣለ፤ እነሱ ከዚያ ፊት ላይ የዱላውን ድምፅ ሰሙ። እንዲህ አድርጎ ያየን ሕዝብ ነው እንግዲህ «ያንተ አይደለም» የሚሉት።

ነገሥታቱ ይዘውት ይዘምቱ ነበር፤ መኳንንቱም ይምሉበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ በስናር ሲሸነፉ ሥዕሉ ተማረከ፤ በኋላ ጎንደር በወርቅ ተቤዠው። የራሱ ላልሆነ ነገር ወርቅ የሚከፍል ማን ነው?

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ ሥዕሉ ከአልጋቸው በላይ ተሰቅሎ ነበር። ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደው። ለሙዚየሙ ግን አልሰጠውም፤ ለራሱ ደበቀው። እ.ኤ.አ. በ1872 ዐፄ ዮሐንስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥቱንና ኩርዓተ ርእሱን ጠየቁ። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ የመጣው መልስ ዱካው አልተገኘም የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ ሆልምስ በዊንዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ ነበር። ንግሥቲቱ የምትፈልገው ሥዕል በገዛ ሠራተኛዋ እጅ ላይ ነበር ማለት ነው። ሆልምስ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠ፤ ኋላም ፖርቱጋል ገባ፤ በግለሰብ እጅ።

የዚያን ዕለት ማታ ይህን ይዤ ጎረቤቴ ኢዶ ጋ ገባሁ። እሳቸው ሶማሊያ ስትፈርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የቀብሪበያ መጠለያ ሲከፈት ከገቡት ናቸው። ሻሂ በወተት ቀዱልኝ። ሥዕሉን አላሳየኋቸውም፤ የነቢይ ሥዕል ማየት እንደማይወዱ አውቃለሁ። ታሪኩን ብቻ ነገርኳቸው፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ልጅ ያለኝንም ጨምሬ።

ኢዶ ተነሥተው ከጓዳ ሀን ይዘው መጡ። ሀን ከተክል ሥር ተፈትሎ ተጠልፎ የሚሠራ የወተት ዕቃ ነው። በጭስ ጠቁሯል፣ አፉ ላይ ያለው ቆዳ ተልጧል። ሲሸሹ በእጃቸው የያዙት ይህንና ሁለት ልጆች ነበር። እናታቸው ናቸው የሠሩት ብዬ ጠየቅኩ።

«እናቴ መጥለፍ አትችልም ነበር። በፍየል ነው የለወጠችው፤ የጠለፈችውን ሴት አላውቃትም።» አንገቱን በመዳፋቸው ጠረጉት። «አንድ ሰው መጥቶ ይህ ያቺ ሴት የሠራችው ነው ብሎ ቢወስደው፣ ወላሂ፣ አንገቱን ነው የማንቀው።»

ስቀው ሻሂ ጨመሩልኝ፤ ከዚያ ዝም ብለው ቆዩ። እዚህ አገር ግመል ሲሰረቅ ሽማግሌ ይላካል። አልሆነም ሲባል እንደገና ይላካል፤ ዛፍ ሥር ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ፣ ግመሉ እስኪመለስ ወይ ካሣው እስኪቆረጥ።

«ንጉሣችሁ ላኩና ምን ተባሉ?»

«አላየነውም አሏቸው።»

«ሰውየው ግን ሥዕሉ ቤቱ ነበረው?»

«ነበረው።»

ኢዶ ሀኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «እሺ ወላል፣ አሁን ያለበትን ቤት አውቃችኋል። ሽማግሌ መቼ ነው የሚሄደው?»