አማኑኤል ብቻውን አይችለውም



የአእምሮ ሕመም በተነሳ ቁጥር «መንግሥት ትልልቅ ሆስፒታል ይሥራ» እንላለን። ሒሳቡን ግን አስበነዋል ወይ?

መርካቶ አካባቢ ያለው አማኑኤል ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ከባሌ ወይም ከወሎ ታማሚ ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ የሚያወጣው የካርድና የመድኃኒት ብቻ አይደለም። የሁለት ሦስት ሰው ትራንስፖርት አለ፤ አልቤርጎ አለ፤ ምግብ አለ፤ የተፈታ ሥራ አለ። ለቀጠሮ ደግሞ ይኸው ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል። ገንዘቡ ሲያልቅ ቀጠሮው ይቀራል፤ መድኃኒቱ ይቋረጣል፤ ሕመሙ ያገረሻል። ከዚያ እንደገና አልጋ ፍለጋ! ሆስፒታሉ ያሻለውን ሰው መንገዱ መልሶ ይጥለዋል።

በሌላውም ዓለም ያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለአእምሮ ጤና ከሚወጣው ገንዘብ ከ70 በመቶ በላይ የሚሄደው ወደ አእምሮ ሆስፒታሎች ነው። ለሰፈር ሕክምና የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው።

«ጤና ጣቢያ ስለ አእምሮ ምን ያውቃል?» የሚል ይኖራል። ቡታጅራ አካባቢ የተካሄደና በዚያው ዓመት የታተመ ጥናት መልሶታል፦ ከባድ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሲታከሙ ውጤቱ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጡት አላነሰም። ለጠናበት ሰው አልጋ የግድ ነው። አልጋው እንዲደርሰው ግን ሌላው በሰፈሩ መታከም አለበት።

እኛስ? ልጁ ሲታመም ከራቂ ራቂ እያዞርን በሬ እንሸጣለን፤ ኪሳችን ሲራቆት አማኑኤል እንደርሳለን። ሩቃን የሚጠላ የለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን እንድንታከምም አዘውናል። «መድኃኒቱን ጣል» የሚል፣ ታማሚን በሰንሰለት የሚያስር ራቂ የማንን ሱንና ይዞ ነው?

ሱልጣን ቀላውን በ1284 ካይሮ ላይ ያሠሩት ሆስፒታል የአእምሮ ታማሚዎች ክፍል ነበረው። ወጪውን ወቅፍ ይሸፍን ነበር። ታማሚው ሲወጣም ሥራ እስኪጀምር የሚቆይበት ገንዘብ ይሰጠው እንደነበር ተጽፏል። ሕክምና ሆስፒታሉ በር ላይ እንደማያልቅ ገብቷቸው ነበር።

ወጣቶች ሆይ! ሰፈራችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሠለጠነ ባለሙያ አለ ወይ? መድኃኒቱስ? ከሌለ ወረዳውን ወጥራችሁ ጠይቁ። የየመስጂዱ ጀመዓ ደግሞ የአንድ ታማሚን እንኳ የመድኃኒትና የቀጠሮ ወጪ በሰደቃ ይቻል። የአንድ ዓመት መድኃኒት ሳይቋረጥ ማቅረብ ያገረሸበትን ሰው እንደ አዲስ ከማስተኛት ይቀላል።

አላህ ታማሚዎቻችንን ያሽርልን!