ገበና የምንለው

በካናዳ የምንኖርባቸው የቶርንክሊፍ ፓርክ ፎቆች ግድግዳቸው ስስ ነው፤ የጎረቤት ቡና ሲወቀጥ እንሰማለን፣ ባሏ የሚደበድባት ሴት ልቅሶም እንሰማለን። ያን ጊዜ ግን «የሰው ገበና ነው» ብለን ቴሌቪዥኑን ከፍ እናደርጋለን። «ቻይው እናቴ» ብለው የሚያስታርቁ ሽማግሌዎቻችንም (ያስቀይማቸው ይሆናል) በዚህ የመጽሔታችን እትም አልታለፉም።

ከዱላው ይልቅ የሴቷን አፍ የሚያስዘጋው «ወረቀትሽን አስነጥቄ አስባርርሻለሁ» የሚለው ዛቻ ነው። በትዳር የመጡ አንዳንድ ስደተኞች ሁለት ዓመት ካስመጣቸው የትዳር ጓደኛ ጋር እንዲኖሩ የሚያስገድደው የ2012ቱ የካናዳ ደንብ በኤፕሪል 2017 ተሽሯል። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያላት ሴት ከባሏ ስለተለየች ብቻ አትባረርም። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላት የቤት ውስጥ ጥቃት ተጠቂ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚጠየቅ ጊዜያዊ ፈቃድ አለ። ዛቻው ግን ዛሬም ይሠራል። ስለዚህ ንባባችሁን ከሕግ ዓምዱ ጀምሩልን፤ ስትጨርሱም መጽሔቱን ሊፍት አጠገብ ተዉት።