በአርባ አምስት ዓመት ዲግሪ መጨረስ ያዋጣል?

በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. አፕሪል 2001) የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተቃውሞ በኃይል ተበትኖ ግቢው ሲዘጋ አንደኛና ሁለተኛ ዓመት የነበሩት ልጆች፣ ዛሬ የአርባዎቹን አጋማሽ ይዘዋል። ብዙዎቹ በኬንያ በኩል ተሰደዱ። ሌሎች በኋላ ዲቪ ደርሷቸው፣ ሌሎችም በጋብቻ ወጡ። ከእነዚህ መካከል ዋሽንግተንና አካባቢዋ ላይ ኡበር የሚነዳ፣ ፓርኪንግ የሚያስተዳድር፣ ሁለት ሽፍት የሚሠራ ስንት ያላለቀ መሐንዲስና ያላለቀ ኢኮኖሚስት እንዳለ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ጀምረው ያቋረጡ፣ ለሥራ በደረሰ ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች ከ35 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ጥያቄው ሰሞኑን እንደገና የተነሣው ግን በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛው፣ የሜሪላንድ ስቴት በማርች 2022፣ ፔንሲልቬንያ ደግሞ በጃንዋሪ 2023 ለብዙ ሺህ የመንግሥት ሥራዎች የአራት ዓመት ዲግሪ መጠየቅን ማስቀረታቸው ነው። ሁለተኛው በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው የፌዴራል ሕግ ነው። ሕጉ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ፔል ግራንት ከ8 እስከ 15 ሳምንት ለሚፈጁ አጫጭር የሙያ ሥልጠናዎችም እንዲከፈል ያዛል። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይሰጥ የነበረውን ግራድ ፕላስ የተባለ ብድር ደግሞ በዚያው ቀን ለአዳዲስ ተበዳሪዎች ይዘጋል። እንግዲህ «ዲግሪ ድሮ ቀረ» የሚለው ወሬ መነሻው ይህ ነው።

እኔ ወሬውን አልቀበልም። የመሐንዲሶች ቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ ለዓመታት ተቀምጫለሁ። ዲግሪ ከማስታወቂያው ላይ ሲነሣ በሩ የሚከፈተው በዚያው ሙያ አሥር ዓመት ለሠራው፣ ወረቀት ብቻ ለጎደለው ሰው ነው። አሥራ አምስት ዓመት መሪ ለጨበጠ ወንድማችን ግን ወረቀቱም ልምዱም የለውም። ለእርሱ በሩ እንደተዘጋ ነው።

ወደ ቁጥሩ እንሂድ። የፌዴራሉ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ እንዳወጣው፣ በ2023 የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች መካከለኛ ሳምንታዊ ገቢ ሁለተኛ ደረጃ ብቻ ለጨረሰ 899 ዶላር፣ ኮሌጅ ጀምሮ ላቋረጠ 992፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው 1,493 ነበር። ልብ በሉ፤ ጀምሮ ያቋረጠው ምንም ካልጀመረው የሚበልጠው በ93 ዶላር ብቻ ነው። በጨረሰና ባቋረጠ መካከል ያለው ልዩነት ግን 501 ዶላር፣ በዓመት ወደ 26,000 ይጠጋል። ገበያው ዋጋ የሚሰጠው ለማለቁ ነው ማለት ነው።

«ስጨርስ እኮ ሃምሳ አንድ ይሆነኛል» ይለኛል አንድ የአርባ ስድስት ዓመት ወዳጄ። ለዚህ የተለመደው መልስ «ባትማርስ ስንት ይሆንሃል?» የሚል ነው። መልሱ ለጨዋታ ያምራል እንጂ ሒሳብ አይደለም። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ከዚያ 26,000 ዶላር ግማሹን ጣልን፤ በሃምሳ ዓመቱ የተመረቀ ሰው ከታች ነው የሚጀምረውና። (መሐንዲስ ድልድይ ሲሠራ ለመጠባበቂያ ይጨምራል፤ ደመወዝ ሲገምት ደግሞ መቀነስ አለበት።) 13,000 ቀረ። ወጪውን ለትምህርትና ለመጽሐፍ 30,000 አደረግነው። በሳምንት 15 ሰዓት መንዳት ሲቀር፣ በሰዓት 20 ዶላር፣ በዓመት ለ30 ሳምንት፣ ለአምስት ዓመት ሲባዛ 45,000 ይቀርበታል። በድምሩ 75,000። ይህን ለመመለስ ስድስት ዓመት አይሞላም። ሙሉ ጡረታ በ67 ስለሆነ አሥር ዓመት ያህል ትርፍ ይተርፈዋል። በሃምሳ አምስት የሚጀምር ሰው ግን ሲጨርስ ስልሳ፣ ወጪውን ሲመልስ ስልሳ ስድስት ይሆነዋል። ለእርሱ ገንዘቡ ምክንያት ሊሆነው አይችልም፤ ሌላ ምክንያት ካለው ይማር።

ሒሳቡ የሚሠራውም ለሁሉም ዲግሪ አይደለም። ከመንግሥት ፈቃድ ጋር የተያያዘ ትምህርት እንደ ዕድሜ አይጠየቅም። ነርስ ፈተናዋን አልፋ ፈቃዷን ከያዘች ሃምሳ ዓመቷ መሆኑን ሆስፒታሉ ጉዳይ አይለውም፤ ለዚያውም የሁለት ዓመት ኮሌጅ ይበቃታል። መምህርነትና ሲቪል ምሕንድስናም እንዲሁ ናቸው። በምሕንድስና ግን ትምህርት ቤቱ አቤት በተባለው ተቋም የታወቀ መሆኑን ሳያረጋግጡ አንድ ዶላር መክፈል አይገባም። (ስሙ ለእኛ ጆሮ ያስቃል፤ ያልጠየቀ ግን በኋላ «አቤት» ማለቱ አይቀርም።) «ቢዝነስ» ወይም «ማኔጅመንት» የሚል አጠቃላይ ወረቀት ይዞ በሃምሳ ዓመት ከሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ጋር መሰለፍ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ አልመክረውም።

ማታ በቴሌቪዥን «ክፍት ቦታ አለን» የሚሉትንም መጠንቀቅ ነው። ለትርፍ የቆሙት ኮሪንቲያን ኮሌጆች በ2015፣ አይቲቲ ቴክ በ2016 ሲዘጉ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች መንገድ ላይ ቀርተዋል። ርካሹ መንገድ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ በሚባል ፕሮግራም ተማሪውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራሉ።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። በፔል ግራንት ሕግ መሠረት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው፣ ዲግሪውን ያገኘው ኢትዮጵያም ቢሆን፣ ለሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ ዕርዳታውን አያገኝም። ጀምሮ ያቋረጠው ግን ግሪን ካርድ ካለውና ገቢው ዝቅ ካለ ያገኛል፤ ለ2025–26 ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር። ስንት ዓመት ያሳፈረን ያላለቀ ትራንስክሪፕት እዚህ ላይ ጠቀመ ማለት ነው።

በቁጥር ያልገባው የቤቱ ነገር ነው። የሚያጠናው ሰው ጊዜውን የሚበደረው ከትዳር ጓደኛው ነው። እዚህ ላይ በእኛ ዘንድ አድልዎ አለ፤ ባል ሲማር «ጎበዝ» ይባላል፣ ሚስት ስትማር ግን «ልጆቹን ማን ይያዝ?» ይባላል። በማውቃቸው ቤቶች ሁሉ ቀድማ ብትማር የሚያዋጣው ሚስት ነበረች፤ በዕድሜም ታንሳለች፣ ነርስነቱም አጭሩ መንገድ ነው። ወዳጄ ይህን ስነግረው ዝም አለ።

ትራንስክሪፕቱን አዲስ አበባ ያለች እህቱ አስወጥታ ላከችለት። ካጠናቀቃቸው 68 ክሬዲቶች 41ዱ ተቀባይነት አገኙ፤ ካልኩለሱን እንደገና ይወስዳል። በመስከረም ግን መጀመሪያ የተመዘገበችው ባለቤቱ ናት። እርሱ በጃንዋሪ፣ አንድ ኮርስ ብቻ፣ ቅዳሜ ጠዋት።