የሆዳችንን ስንነግር ሰሚው ማነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። እውነት ነው። ጭንቀት እንቅልፍ የነሳው ሰው ችግሩን ለባለሙያ ቢያካፍል ይበጀዋል። ዛሬ ደግሞ ለዚህ ከመኝታ ክፍል መውጣት እንኳ አያሻም፤ በእጅ ስልክ፣ በኢንተርኔት የሥነ ልቦና ሕክምና ይገኛል። ስድስትና ስምንት ሆነን በአንድ ክፍል ለምናድር እጩ መምህራን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጓደኛ አይሰማ፣ ጎረቤት አያይ!

ታዲያ እውነት ማንም አይሰማም? እስቲ ረጋ ብለን እንመልከተው።

ለሰው በቃል የነገርነው ከሁለት ሰው ጆሮ ላያልፍ ይችላል። በኮምፒዩተር የተጻፈ ግን መዝገብ ነው፤ መዝገብ ደግሞ ጠባቂ ይሻል። በፊንላንድ አገር ቫስታሞ የሚባል የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት፣ ሕሙማን ለባለሙያ የተናገሩትን በኮምፒዩተር መዝግቦ ያስቀምጥ ነበር። ጥበቃው የላላ ስለነበር ሌባ ገባበት። እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 33 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ምሥጢር በወንበዴ እጅ መውደቁ ታወቀ። ወንበዴውም 200 ዩሮ ካልከፈላችሁ ገመናችሁን አወጣዋለሁ እያለ ሕሙማኑን ያስፈራራ ጀመር።

የሚያሰጋው ሌባ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ቤተርሄልፕ የተባለውን የኢንተርኔት ሕክምና ኩባንያ ከሰሰ። ክሱም ምሥጢር እጠብቃለሁ ብሎ ቃል ከገባ በኋላ፣ የደንበኞቹን ኢሜይልና ስለ ጤናቸው የሞሉትን መጠይቅ ለማስታወቂያ ሥራ ለፌስቡክና ለሌሎች አሳልፎ ሰጥቷል የሚል ነው። ኩባንያው ጥፋቱን ባያምንም 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

አገራችንም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች። ደግ ነው። ነገር ግን አንዴ ባሕር ማዶ ተሻግሮ የተበተነን ምሥጢር አዋጅ መልሶ አይሰበስበውም።

እንግዲህ ሕክምናውን እንሽሽ ነው? ኧረ በጭራሽ! ከመጀመራችን በፊት እንጠይቅ ነው። ባለሙያው ማነው? ፈቃድስ አለው? የጻፍነው የት ይቀመጣል? ለማን ይሰጣል? ይጥፋልን ብንል ይጠፋልናል? ቁርጥ ያለ መልስ ካጣን የሆዳችንን አንዘርግፍ። በተውሶ ስልክማ ጨርሶ አይሞከር!

ነገ ደግሞ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ጨንቆኛል» ብሎ ይመጣብናል። ልጁን ወደ ስልክ ከመምራታችን በፊት እነዚህኑ ጥያቄዎች ስለ እሱ ሆነን እንጠይቅለት። አምኖን የመጣን ልጅ ገመና ለማናውቀው ሰው አሳልፎ መስጠት መምህርነት አይደለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና!